ሃምሳ ያላመጣው ሙሽራ

በየከተማው ሰውን ከነአባቱ ሳይሆን ከነክፍል ደረጃው የሚያውቅ አንድ አስተማሪ አይጠፋም። ለአሰበ ተፈሪ የደረሷት ክቡር መምህር ኃይለገብርኤል ነበሩ። ገበያ መሃል የድሮ ተማሪያቸውን ሲያገኙ ከሰላምታ በፊት ስንተኛ ይወጣ እንደነበር ያስታውሱታል፤ ሚስቱ አጠገቡ ካለች ደግሞ እሷም እንድትሰማ ጮክ ይላሉ። “ካርድ አይዋሽም” ይላሉ፣ ጣታቸውን ሽቅብ ቀስረው።

ባለሱቋ ኩብራ ከአርባ ስምንት ተማሪ አርባ ሰባተኛ ነበረች። ሳሙና ሊገዙ በመጡ ቁጥር ይህንኑ በደንበኞቿ ፊት ይነግሯታል። አንድ ቀን ምርር ቢላት፣ አርባ ስምንተኛው የት እንደደረሰ በትሕትና ጠየቀቻቸው። መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አርባ ስምንተኛው የቀበሌ ሊቀመንበር ሆኗል፤ አንደኛው ደግሞ የሊቀመንበሩን ማኅተም ተሸክሞ ከኋላ ከኋላው ይሄዳል። “ጊዜያዊ ስህተት ነው” ብለው ሳሙናቸውን ይዘው ወጡ።

አንድ ልጃቸው ደስታነሽ በዚህ ሁሉ ስትስቅ ነው ያደገችው። ሳቋ የቆመው የራሷ ሽማግሌዎች የመጡ ዕለት ነው። ሚኤሶ ላይ የእህል መኪና ያለውን ዳምጤን ትወደዋለች፤ ጉዱ ዳምጤም የአባቷ የድሮ ተማሪ መሆኑ ነው። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ሐጂ ቡሽራ በወጉ መሠረት እንደቆሙ ልጃችንን ልጅ አድርጉት አሉ። ሌላ አባት ቢሆን ዘር ይጠይቃል። መምህሩ ግን ዳምጤ ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ መውደቁን አስታወሱና፣ ሒሳብ ተፈትኖ ሃምሳ ካመጣ እሰጠዋለሁ ብለው ቁርጡን ተናገሩ።

“ወላሂ፣ ብዙ ቤት ሽማግሌ ሄጃለሁ” አሉ ሐጂ ቡሽራ። “እርሳስ ይዞ ይምጣ ያሉኝ ግን እርስዎ ብቻ ነዎት።”

ዳምጤ እርሳስ ይዞ መጣ። እሁድ እሁድ መኪናውን በር ላይ አቁሞ፣ ያን ሰፊ ትከሻውን ትንሿ ጠረጴዛ ላይ አጥፎ ይፈተናል። ወደቀ። መምህሩ ራሳቸው እያስጠኑት ደግሞ ተፈተነ፤ ደግሞ ወደቀ። ልጁ እያወቀ ሲሄድ ፈተናውም አብሮት ይከብዳል። ከተማው ዳምጤ የሚያገባው ማትሪክ ካለፈ ነው እያለ ተሳለቀ። የዳምጤ ቤተሰቦችም ሰልችቷቸው ሌላ ልጅ ማየት ጀመሩ፤ ደስታነሽ ይህን ስትሰማ እህል አልቀመስ አላት።

ዳምጤ አሁንም ወድቆ አንገቱን ደፍቶ በሄደበት እሁድ፣ ፈተናውን ከአባቷ እጅ ነጠቀች። እሷ መቼም ከአንደኛ ወርዳ የማታውቅ ልጅ ናት። የመጨረሻውን ጥያቄ ደጋግማ አየችው።

“አባዬ፣ ይሄንን እኔም አልሠራውም” አለች።

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። “እኔም” አሉ።

ስንት ወር ያጠራቀመችው ንዴት ድንገት ጠፋባት። እናቷ ከሞተች ወዲህ በዚህ ቤት የሚኖሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ እሷ ስትሄድ ስንት እንደሚቀር ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። ሚኤሶ ሩቅ እንዳልሆነ፣ እሁድ እሁድም እንደምትመጣ ነገረቻቸው። እሳቸውም ወረቀቱን ተቀብለው በቀይ እስክሪብቶ ሃምሳ ጻፉበት።

“ስትመጪ እሱንም ይዘሽው ነይ” አሉ። “ክፍልፋይ ገና አልገባውም።”