ስለማይቆረጠው ክር የተጠራ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ሰኞ፤ መልእክቶቹ በተላኩ በአምስተኛው ቀን።
ሰዓት፦ ለ9፡00 ተጠርቶ 9፡25 ተጀመረ። (ሊቀመንበሩ አጀንዳው የተጻፈበትን ወረቀት ሲፈልጉ ቆይተው ወረቀቱ በገዛ ኪሳቸው ውስጥ ተገኝቷል።)
ቦታ፦ የልብስ ስፌት ቤቱ ፎቅ፣ መቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ።

የተገኙ፦
1. ሥራ አስኪያጁ፣ ሊቀመንበር። የሦስት ቀን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥልጠና የወሰዱ። ሰርተፍኬታቸውን ይዘው ቀርበዋል፤ የጠየቃቸው ግን የለም።
2. ዋና ቆራጭ እትዬ፣ አባል። የሊቀመንበሩና የጸሐፊዋ አክስት። መቀሳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ቦርሳ ውስጥ ከተው፣ ቦርሳውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተገኝተዋል።
3. ኮት ሰፊው፣ በቅጽል ስሙ ሬዲዮ፣ አባል። ለምን እንደተባለ ከታች ይታያል።
4. ልብስ ተኳሹ፣ አባል። በአካል ምድር ቤት፣ በድምፅ እዚህ። የጋለ ካውያ ጥሎ መውጣት ስለማይችል በረጅሙ የእንጨት ሜትር ጣሪያውን እየመታ እንዲሳተፍ ተፈቅዶለታል፤ አንድ ምት ድጋፍ፣ ሁለት ምት ተቃውሞ።
5. ቁልፍ ተካይዋ፣ ጸሐፊ። የሊቀመንበሩ ታናሽ እህት። ሌላ የሚጽፍ ሰው ስለጠፋ የተመረጡ።

ያለ ፈቃድ የቀረ፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎት። ሬዲዮ «ያጠፋው እሱ፣ የምንሰበሰበው እኛ!» ሲል ቅሬታውን አስመዝግቧል። ሊቀመንበሩ አስተውሎት ያለው ስልካቸው ውስጥ መሆኑን፣ ስልኩ ግን ቻርጅ ላይ እንዳለ አስረድተዋል።

ከአምስት አባላት አራት ተኩል በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ግማሹ ተኳሹ ነው። ሬዲዮ ጸሐፊዋ ስለ ራሷ ስትጽፍ ለምን አንቱ እንደምትል ጠይቆ፣ ቃለ ጉባኤ የመንደር ወሬ እንዳልሆነ ተነግሮት ተቀምጧል።

አጀንዳ አንድ፦ ሐሙስ ጠዋት ስለተላኩት 214 መልእክቶች

ሊቀመንበሩ እንዳብራሩት፣ ከመንገዱ ማዶ የተዘጋጀ ልብስ የሚሸጥ ሱቅ ከተከፈተ ወዲህ ደንበኛ ሳስቷል። በሥልጠናው ላይ ደግሞ አስተውሎት ስለ እያንዳንዱ ደንበኛ የተነገረውን ይዞ ለእያንዳንዱ የየራሱን ማስታወቂያ እንደሚጽፍ ተምረዋል። «ልብስ በልክ እንሰፋ የለም እንዴ? ማስታወቂያ በልክ ብንሰፋ ምን ነውር አለው?» ብለዋል። እዚህ ድረስ ማንም አልተቃወመም።

ነገሩ የተበላሸው አስተውሎት «ስለ ደንበኞችዎ ምን ያውቃሉ?» ብሎ የጠየቀ ጊዜ ነው። ይህ ቤት የሚያውቀው ሁሉ ያለው የልክ ደብተሩ ላይ ነው። እትዬ ለሠላሳ አንድ ዓመት የወገቡንና የትከሻውን ቁጥር መሀል ላይ፣ ለሰፊዎች ብቻ የሚሆነውን ማስታወሻ ደግሞ ኅዳጉ ላይ ሲጽፉ ኖረዋል። ደብተሩን ገጽ በገጽ ፎቶ አንስተው ለአስተውሎት የሰጡት ጸሐፊዋ ናቸው። ኅዳጉንም ጭምር። ሊቀመንበሩ «ኅዳጉን ማን አንሺ አለሽ?» ሲሉ፣ ጸሐፊዋ «ማንስ አታንሺ አለኝ?» በማለት አጥጋቢ መልስ ሰጥተዋል። ሳይነበብ «ላክ» የሚለውን የተጫኑት ግን ሊቀመንበሩ መሆናቸው በዚሁ ይመዝገብ።

ከተላኩት ውስጥ ለአብነት የሚከተሉት ተነበቡ።

ኅዳጉ ላይ «ወገቡ ሲለካ ሆዱን ይደብቃል፤ አራት ጣት ጨምሩ፣ እንዳይሰማ» ለተባለው ሰውዬ የተላከ፦ «ውድ ደንበኛችን፣ እፎይ ይበሉ! እንደ ወትሮው አራት ጣት በድብቅ እንጨምርልዎታለን።»

«ሁልጊዜ ሁለት ቀን ቀድማ ትመጣለች፤ ሁለት ቀን ጨምራችሁ ዋሿት» ለተባለችው፦ «ውድ ደንበኛችን፣ ለእርስዎ ብቻ ተለክቶ በተዘጋጀው የሁለት ቀን ውሸታችን ስለሚተማመኑ እናመሰግናለን።»

ሬዲዮ ሳቀ። ሊቀመንበሩ ሳቁን እንዲያነሳ ጠየቁት። ሬዲዮ ሳቁን አንስቶ ከጠረጴዛው ሥር ቀጠለ።

እስከ ቅዳሜ ድረስ ዘጠኝ ደንበኞች ያልተቆረጠ ጨርቃቸውን ይዘው መሄዳቸው ተገልጿል። ሆዳቸውን የሚደብቁት ሰውዬ ዓርብ መጥተው፣ በሩ ላይ ቆመው፣ በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሻቸውን ለቀዋል። ሬዲዮ ሲመሰክር «እኔ የማውቃቸው ሰውዬ ሌላ ሰውዬ አስከትለው የመጡ ነው የመሰለኝ» ብሏል። ከዚያ ጨርቃቸውን ወስደው ወጡ።

እትዬ የተናገሩት ቦርሳቸውን እንደያዙ ነው። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ሆዱን ሲደብቅ እያየሁ እንዳላየሁ ሆኛለሁ። ሥራዬ እሱ ነው። ጨርቅማ ማንም ይቆርጣል» አሉ። አያይዘውም የተበላሸው በዛሬው ስብሰባ ካልተስተካከለ መቀሳቸውን ይዘው ቤታቸው እንደሚገቡ አስታወቁ። ሊቀመንበሩ «አክስቴ፣ አንቺ ከሄድሽ ይሄ ቤት ሁለት ሳምንት አይቆምም» አሉ። እትዬ «ካስተካከልከው አልሄድማ» አሉ።

ሬዲዮ «የመምህሩስ መልእክት ለምን አይነበብም?» ሲል ጠየቀ። ሊቀመንበሩ አሳለቸው። እትዬ መስኮቱን ተመለከቱ።

መምህሩ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። በየሐሙሱ በአራት ሰዓት ግራጫ ኮታቸውን ከአንድ የወለቀ ቁልፍ ጋር ይዘው ይመጣሉ፤ እስኪተከል መስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ወንዝ የት ተነስቶ የት እንደሚገባ ለእትዬ ያጫውታሉ። የኅዳጉ ማስታወሻ እንዲህ ይላል፦ «ክሩ አርጅቶ አልተበጠሰም። በመቀስ የተቆረጠ ነው። ማንም ምንም እንዳይላቸው።»

የተላከላቸው፦ «ውድ ደንበኛችን፣ የኮትዎን ቁልፍ በየሳምንቱ ራስዎ በመቀስ እንደሚቆርጡ አስተውለናል። ከእንግዲህ በየሐሙሱ መመላለስ ቀረልዎ! የማይቆረጥ ክር አስመጥተናል።»

እንዲህ ያለ ክር ቤቱ እንደሌለው፣ ኖሮትም እንደማያውቅ፣ አስተውሎት ከራሱ እንዳመጣው ተረጋግጧል። ሬዲዮ እንኳ ጠፋ።

ሊቀመንበሩ መምህሩ ሐሙስ መጥተው እንደሆነ ጠየቁ። ጸሐፊዋ አለመምጣታቸውን፣ እትዬም ከአራት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ደረጃውን ሲያዩ መዋላቸውን ገለጹ። እትዬ «ይሄ ይሰረዝ!» አሉ። እንዲሰረዝ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ተሰርዟል።

አጀንዳ ሁለት፦ ስለ ይቅርታ

ሬዲዮ ሦስት ሐሳቦች አቅርቧል። አንደኛ፣ ስልኩ ተሰርቆ ነበር እንዲባል። ሁለተኛ፣ መልእክቶቹ የተላኩት ከማዶው ሱቅ ነው እንዲባል። ሦስተኛ፣ ለአስተውሎት የመጀመሪያ ደረጃ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠው። አንደኛውና ሁለተኛው ሊቀመንበሩ መዋሸት ስለማይችሉበት ወደቁ። ሦስተኛው ከረጅም ውይይት በኋላ በሙሉ ድምፅ በአንድ ተቃውሞ ጸደቀ። ማስጠንቀቂያውን ማን ይጻፍ በሚለው ላይ ሁሉም የእጅ ጽሑፋቸውን ስላማረሩ አስተውሎት ራሱ እንዲጽፈው ተወሰነ። ስልኩ ከቻርጅ ተነቅሎ መጣ። አስተውሎት ለራሱ ጠንከር ያለ ማስጠንቀቂያ ጽፎ፣ ስለተሰጠው ዕድል አመስግኖ፣ ጽሑፉን ያሳጥረው እንደሆነ ጠየቀ።

በዚህ ጊዜ ተኳሹ ከታች ሦስት ጊዜ መታ።

ሦስት ምት በሥራ ቀን «ደንበኛ መጥቷል» ማለት ነው። ሊቀመንበሩ ግን በሩ ላይ «ዝግ ነው» የሚል ስለተሰቀለ፣ ከሐሙስ ወዲህም ጨርቁን ሊወስድ እንጂ ሊያሰፋ የመጣ ስለሌለ፣ ሦስት ምት ለዛሬ ድምፀ ተአቅቦ ተብሎ እንዲቆጠር ወስነዋል። ሬዲዮ «ደንበኛ ቢሆንስ?» ቢል «ደንቡን እያፈረስክ ነው» ተብሏል።

በመቀጠል ሊቀመንበሩ ለ214ቱም ሰዎች የየራሳቸው ይቅርታ በአስተውሎት እንዲጻፍ ሐሳብ አቀረቡ። ናሙና ተነበበ፦ «ውድ ደንበኛችን፣ ሆድዎን እንደሚደብቁ በመግለጻችን ከልብ እናዝናለን። ሆድዎን መደበቅ የግል መብትዎ ነው። ይህንኑ ምክንያት በማድረግ ሰፋፊ ሱሪዎችን አዘጋጅተናል።»

እትዬ ቦርሳቸውን ይዘው ተነሱ። ሊቀመንበሩ «ቆይ አክስቴ፣ አንድ ጊዜ!» ብለው ለመምህሩ የሚላከውን አስነበቡ፦ «ውድ ደንበኛችን፣ ቁልፍዎን እንደሚቆርጡ ዋና ቆራጫችን ገና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቁ እንደነበር ልናረጋግጥልዎ እንወዳለን።»

ከታች ሦስት ምት። ድምፀ ተአቅቦ ተብሎ ተመዘገበ።

እትዬ ይህ መልእክት ከተላከ ከመቀሱ ጋር ጠረጴዛውንም እንደሚወስዱ ተናገሩ። ጠረጴዛው በደረጃው ይወርዳል ወይስ አይወርድም በሚለው ላይ ሬዲዮና ሊቀመንበሩ ለአሥር ደቂቃ ተከራከሩ። ጸሐፊዋ እንዲለኩት ታዘው ለክተዋል፤ አይወርድም። በመሆኑም፦ (ሀ) ይቅርታው ነገ ጠዋት እንዲላክ፤ (ለ) የልክ ደብተሩ ኅዳግ በመቀስ ተቆርጦ እንዲወገድ፤ (ሐ) ከእንግዲህ ሰፊዎች ስለ ደንበኛ ምንም እንዳያውቁ ተወሰነ። ከታች ሦስት ምት፣ ቀጥሎ ሦስት ምት፣ ቀጥሎ ቁጥሩ ያልታወቀ ምት። ጸሐፊዋ «በጣም የበዛ ድምፀ ተአቅቦ» ብለው መዝግበዋል።

አጀንዳ ሦስት፦ ልዩ ልዩ

ተኳሹ ሜትሩን እንደያዘ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ያለ ጥሪ ወደ ፎቅ ወጣ። የተናገረው ሁሉ ሊመዘገብ አይችልም። የሚመዘገበው፦ «ሦስት ማለት ደንበኛ ማለት አይደለም እንዴ? ደንቆሮ ሆናችሁ እንዴ ጃል? ሰውዬው ግማሽ ሰዓት ሙሉ እንደቆሙ ነው!»

ከኋላው መምህሩ ነበሩ።

ግራጫውን ኮት በክንዳቸው አንጠልጥለዋል። ኮቱ ላይ አንድም ቁልፍ የለም። ስድስቱም በፖስታ ውስጥ ናቸው፤ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ሲያፈሷቸው ተቆጥረዋል። ሊቀመንበሩ ይቅርታ ሊጠይቁ አፋቸውን ከፈቱ፤ እትዬ ስላዩዋቸው ዘጉት።

መምህሩ የሚከተለውን አስረዱ፦ «መልእክቱ ደርሶኛል። ሐሙስ አፍሬ ቀረሁ። ዓርብ፣ ታዲያ አትምጣ ካሉኝ ምን ያስኬደኛል አልኩ። ቅዳሜ ሁለት ቁልፍ ቆረጥኩ። እሑድ ሦስት። ዛሬ ጠዋት የቀረችውን አንዷን ሳይ…» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። ቀጥለውም ወደ እትዬ ዞረው «እትዬ፣ የመጣሁት ለልመና ነው። ያንን የማይቆረጥ ክር በእኔ ኮት ላይ እንዳትጠቀሙብኝ» አሉ።

ከታች ተኳሹ ጥሎት የመጣው ካውያ እንፋሎት ይሰማ ነበር።

እትዬ «እንዲህ ያለ ክር የለንም» አሉ።

መምህሩ «ተመስገን» አሉ።

ቁልፍ መትከል የጸሐፊዋ ሥራ ስለሆነ ጸሐፊዋ ኮቱን ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ። እትዬ «አንቺ ጻፊ!» ብለው ከለከሏቸው። ከዚያ ቦርሳቸውን ከፍተው፣ ጨርቁን ፈተው፣ መቀሱን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ በቦታው አስቀመጡት፤ ኮቱንም ተቀብለው የመጀመሪያዋን ቁልፍ ራሳቸው መትከል ጀመሩ። ዋና ቆራጯ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ከዚህ ኮት በስተቀር የማንንም ቁልፍ ተክለው እንደማያውቁ ይታወቃል። ጸሐፊዋ ጠጋ ብለው እንዳዩትና በሙያቸው እንደሚመሰክሩት፣ ክሩ ነጠላ ነው፤ ጫፉም አልተቋጨም። ልጅ ቢስበው ይወልቃል።

ስለ ስድስቱ ቁልፎች አተካከል በተደረገ ውይይት እትዬ «ስድስቱን በአንድ ቀን አልችልም፤ የቀሩትን በየሐሙሱ አንድ አንድ» አሉ። መምህሩ ደገፉ። ተኳሹ ፎቅ ላይ ቢሆንም ከልማዱ ወለሉን አንድ ጊዜ መታ።

በመጨረሻም ሊቀመንበሩ ሰርተፍኬታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፤ ሆዳቸውን ይደብቁ ወደነበሩት ሰውዬና ወደ ሌሎቹ ስምንት ደንበኞች ቤት ነገ በእግራቸው፣ በገዛ አፋቸው ይቅርታ ሊጠይቁ እንደሚሄዱም አስታወቁ። ይህ ውሳኔ ሳይሆን የእትዬ ትእዛዝ ነው። ከዚህ በመነሳት ጉባኤው በዛሬው ዕለት የወሰነው ሁሉ እንዲሻር በሙሉ ድምፅ፣ ያለ ተቃውሞ ወስኗል። ስለዚህ፦ የአስተውሎት ማስጠንቀቂያ ተነስቷል። ይቅርታው በስልክ አይላክም። ኅዳጉ አይቆረጥም፤ ፎቶም አይነሳም። ሰፊዎች እንደ በፊቱ ያውቃሉ፤ እንደ በፊቱም ዝም ይላሉ። ሦስት ምት ወደ ደንበኛነቱ ተመልሷል።

በዚሁ ውሳኔ መሠረት የመሰረዝ ውሳኔውም በመሻሩ የተሰረዘው ዓረፍተ ነገር ወደ ቦታው ተመልሷል፦ እትዬ ሐሙስ ዕለት ከአራት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ደረጃውን ሲያዩ ውለዋል። ጸሐፊዋ ይህን ጮክ ብለው አንብበዋል። መምህሩ ሰምተዋል። እትዬ መርፌውን እንደያዙ «ቆይ ብቻ፣ አንቺን!» ብለዋል፤ ይህም ተመዝግቧል።

ስብሰባው 10፡40 ላይ ተበተነ። እትዬና መምህሩ አልተበተኑም።