ጀርባ ብቻ የሚያውቀው ማማ

ሕልሙ የታየው በጠራራ ፀሐይ ነው። በቀን የታየ ሕልም አይወራም የምትሉ ካላችሁ፣ እባካችሁ ዝም በሉና ልጨርስ።

ትናንት ከምሳ በኋላ የፍኖተ ሰላሙ ፎቶ አንሺ ጋሽ ደምለው ስልካቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ፎቶ ቤታቸው በር ላይ ተቀምጠው ነበር። ልጃቸው እልፍነሽ ፓሪስ ከሄደች አሥራ አራት ዓመት ሆኗታል። እስከ ዛሬ የሚሰሙት ድምፅዋን ብቻ ነው። ፎቶ ላኪልኝ ሲሏት የምትልከው ሕንጻ ነው፦ ኤፍል ማማ ሲነጋ፣ ኤፍል ማማ ሲመሽ፣ የፓሪሱ ትልቅ የድል በር፣ ሴን ወንዝ። እሷ አንዱም ላይ የለችም። ትናንት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በቪዲዮ ልትደውል ቀጠሮ ነበራቸው። ጋሽ ደምለው የልጃቸውን ፊት ማየት ነው የፈለጉት፤ ሌላ ምንም አልፈለጉም። ሲጠብቁ፣ ሲጠብቁ፣ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋቸው።

ወዲያው ከተማው ተገለባበጠ። ሰው ካለበት ንቅንቅ እንዳይል ታዟል፤ ለጉብኝት የሚዞረው ሕንጻ ነው። ልብስ የምታሰጣው ጎረቤት እጇን እንደዘረጋች ቆማለች፣ አንድ የከተማ አዳራሽ አጠገቧ ሆኖ ፎቶ ይነሳል። ጋሽ ደምለውም ዙሪያቸውን በገመድ ታጥረዋል። ደረታቸው ላይ «በእጅ መንካት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸዋል።

ከመናኸሪያው በኩል አንዲት አህያ ትንሽ ባንዲራ ይዛ የፓሪስ እንግዶችን እየመራች መጣች። ኤፍል ማማው የፀሐይ ባርኔጣ አድርጓል። የድል በሩ በፎቶ ቤቱ በር አልገባ ብሎ በጎኑ ይታገላል። ሴን ወንዝ በጀሪካን ተቀድቶ በጋሪ ነው የመጣው።

«ይህ ደምለው ይባላል» አለች አህያዋ። «የስልሳዎቹ ሥራ ነው። ግራ ጉልበቱ አንዴ ታድሷል።»

«ስንጥቁ ሲያምር» አለ የድል በሩ ግንባራቸውን እያየ።

«መብራት ሲጠፋም ይታያል?» አለ ወንዙ ከጀሪካኑ ውስጥ።

ጋሽ ደምለው ለቀልድ ጊዜ አልነበራቸውም። እነዚህ እኮ ልጃቸው ካለችበት አገር የመጡ ናቸው።

«ጌታው፣ ልጄን አይተሃታል?» አሉ ማማውን። «እልፍነሽ ትባላለች። ዓይኗ ትልልቅ ነው፣ ጥርሷ ፍንጭት ነው።»

«እኔ ፊት አላውቅም» አለ ማማው። «እኔ ዘንድ የመጣ ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነው ፎቶ የሚነሳው። ከኋላዋ ምን ትመስላለች?»

ጋሽ ደምለው ክው አሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ቀና በይ፣ ወደዚህ እዪ» ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የማንንም ማጅራት ልብ ብለው አያውቁም። ሹሩባ የምትሠራት እናቷ ነበረች፣ እሷም ካረፈች ቆይታለች። ከዚያ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የሸኟት ዕለት ትዝ አላቸው። ልጅቷ በመስታወቱ በር ስትገባ ቀይ ሹራብ ለብሳ ነበር፣ የቀኝ ትከሻዋ በሻንጣው ክብደት ዘንበል ብሎ። ዞር ብላ ሳታያቸው ነበር የገባችው። ያን ጊዜ ተቀይመዋት ነበር፣ እውነቱን ለመናገር እስከ አሁንም አልለቀቃቸውም።

«ትከሻዋ ወደ ቀኝ ያዘነብላል» አሉ። «ዞር ብላ አታይም።»

«አወቅኋት» አለ ማማው። «እሷ ፎቶ አትነሳም። በየጧቱ ጀርባዋን ሰጥታኝ ወደ ሥራ ትሮጣለች። ብትዞር እግሯ እምቢ ይላታላ፣ ለዚህ ነው የማትዞረው።»

«ደህና ናት?»

«ራስህ ጠይቃት። አብራን መጥታለች፣ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ናት።»

እውነትም ከሰልፉ ጫፍ ቀይ ሹራብ የለበሰች ልጅ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። «እልፌ፣ የኔ ልጅ፣ ዙሪ» አሉ ጋሽ ደምለው። አልሰማቻቸውም። ገመዱን ከፍ አድርገው ሾለኩ። አህያዋ ፊሽካ ነፋች፣ «ቅርሱ እየሄደ ነው፣ ያዙት!» አለች። ጋሽ ደምለው በታደሰው ጉልበታቸው እያነከሱ ሮጡ፣ ደረሱባትም። እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ሲያሳርፉ ዞር ማለት ጀመረች። ጉንጯ ብቅ አለ።

ስልኩ ጮኸ።

ጋሽ ደምለው ብንን ብለው ዙሪያቸውን ቃኙ፣ ከዚያም ስልኩን አነሱት። ምስሉ ከድምፁ ቀድሞ መጣ። መነጽር ያደረገች፣ ትከሻዋ ወደ ቀኝ ዘንበል ያለ፣ ፀጉሯ ከፊት ለፊት ሸብቶ ፊቷ የከሳ ሴትዮ ታያቸዋለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አሠሪዋ ትሆናለች ወይም የቤት ተጋሪዋ ብለው አሰቡ። ጨዋ ሰው ናቸውና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እንደምን ዋሉ፣ እመቤቴ» አሉ። «እባክዎን ስልኩን ለልጄ ይስጡልኝ።»