የኤታኖል ፍርሃቴ በደጀን ዳገት

ይህን በማውጋቴ አስቀድሜ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለሳይንስ ክብር ስል ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን እስቲ ንገሩኝ፤ ሳያውቅ ከሚፈራ ሰው ይልቅ አውቆ የሚፈራው አያሳዝንም? ሌላው ተሳፋሪ አማትቦ ይተኛል። እኔ ግን ሞተር ውስጥ ምን እንደሚካሄድ የማውቅ ሰው ነኝ፤ በምን ዐይኔ ልተኛ?

ደብረ ማርቆስ እያስተማርኩ፣ ለሁለተኛ ዲግሪዬ ስል ኤታኖል ሞተር ውስጥ እንዴት እንደሚነድ በኮምፒውተር ሳሰላ ኖሬያለሁ። ኤታኖል ማለት ያው አረቄን አረቄ የሚያደርገው ነገር ነው። ታዲያ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ አንዲት ጠብታ ነድዳ እስክታልቅ ስንት ዓይነት ለውጥ ታልፋለች መሰላችሁ! ሁሉንም በቁጥር አስሬያቸዋለሁ። ይህ የስሌት ሞዴሌም በመጨረሻ ቃሉን ሰጠ፦ ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን የጠጣች አሮጌ መኪና በዓባይ በረሃ ሙቀት ዳገት ስትወጣ፣ ነዳጁ የካንዴላውን እሳት ሳይጠብቅ ቀድሞ ይቀጣጠላል፤ ሞተሩ ያንኳኳል፤ ብሎም ፒስተኑ ይበሳል። “በመኪና ሳትፈትነው ምረቃ የለም” አሉኝ ፈታኞቼ።

በሁዳዴ የመሥሪያ ቤታችንን አሮጌ ፒክአፕ ይዘን ወደ ዓባይ በረሃ ወረድን። ሾፌሩ ጋሽ ይሁኔ ናቸው፤ ጾም የማይሽሩ፣ ዳገት የማይፈሩ። ኤታኖሉን በጀሪካን በጉዞው ዋዜማ አስረክቤያቸው ስለነበር ጨምረውት እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ “የሚገባትን ጠጥታለች፣ አይስጉ መምህር” አሉኝ።

ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን መውጣት ስንጀምር ሞተሯ አንኳኳች። ልክ ሞዴሌ እንዳለው! በአንድ እጄ የበሩን እጀታ ጨብጬ፣ በሌላው መዘገብኩ። ማንኳኳቱ በረታ። በስተቀኝ ገደሉ አፉን ከፍቷል። ጋሽ ይሁኔን ትንሽ ቢቆሙ ብዬ ብለምናቸው፣ “እዚህ አፋፍ ላይ የት ልቁምልዎ? ይልቅ ይጸልዩ!” አሉኝ። ጸለይኩ። በዓለም ላይ የገዛ ጥናቱ ሐሰት እንዲሆንለት የተሳለ ተመራማሪ ከእኔ ሌላ አለ? ደጀን በሰላም ገባን።

ፍርሃቱ ሲለቀኝ ግን ኩራት ያዘኝ። “ሞዴሉ ከሙከራው ጋር ፍጹም ገጥሟል” ብዬ ጻፍኩ። ፈታኞቼ አጨበጨቡ፤ ተመረቅሁ።

በፋሲካ ማግስት ጋሽ ይሁኔ ጀሪካኑን አንጠልጥለው ቢሮዬ ከች አሉ። ከውስጡ ጠብታ አልጎደለም!

“በጾም እኔ ያልቀመስኩትን አረቄ እሷን ላጠጣ ኖሯል? ንጹሕ ቤንዚን ነው የሞላሁላት። አሁን ጾሙ ተፈቷል፤ እንሂድና ይሞክሩ።”

ያ ሁሉ ማንኳኳት ታዲያ ምን ነበር አልኳቸው።

“እሷ? ዳገት ባየች ቁጥር ታንኳኳለች! እንዲህ ከጀመራት ዐሥር ዓመቷ።”

አደራችሁን፣ ይህ ወሬ ከእናንተ አይለፍ። ሞዴሉን ዘንድሮ ተማሪዎቼን እያስተማርኩበት ነው።