የማይታይ ዕቃ ርክክብ

ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 4፡00፣ ቢቸና። የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የአዲስ ዕቃ ተረካቢ ኮሚቴ መብራት በመጥፋቱ መስኮት በሌለው ቤት በድንግዝግዝ ተሰብስቧል።

የተገኙ፦ አቶ ሀብተ ሥላሴ ሰብሳቢ፣ ወ/ሮ ብሩክታይት አባል፣ ታዘበው ጸሐፊ። በጥሪ የመጡ፦ ተመራማሪ ወ/ሪት ጸደንያ ከሞጣ፣ መድኃኒቱ የሚፈስለት የቆሰለ በሬ ባለቤት አቶ ሰማው። ምልዓተ ጉባኤው አራት ስለሆነ አቶ ሰማው ስብሰባው እስኪከፈት አባል ተደርገው ተቆጥረዋል፤ እንደተከፈተ ተሰርዘዋል።

አጀንዳ 1፦ የአንድ ጠርሙስ መድኃኒት ርክክብ

ወ/ሪት ጸደንያ በጥቁር ጨርቅ የተጠቀለለ ጠርሙስ አቅርበው፣ ፈሳሹ ውስጥ ናኖ የሚባል በዓይን የማይታይ ደቃቅ ብናኝ እንዳለ፣ ብናኙ ብርሃን ሲነካው ፈሳሹን እንደሚያረጋው፣ ስለዚህ ብርሃን ማየት ያለበት ቁስሉ ላይ ከፈሰሰ በኋላ ብቻ እንደሆነ፣ የረጋውም ቁስሉ በሞቀ ቁጥር እየተኮማተረ መድኃኒት እንደሚለቅ አስረድተዋል። ሥራው ሁለት ዓመት ፈጅቶባቸዋል፤ ሌላ ጠርሙስ የላቸውም። አቶ ሰማው የበሬያቸውን ጫንቃ ቀንበር እንደላጠው፣ የእርሻው ወቅት እያለፈባቸው እንደሆነ፣ በሬውም ደጅ ታስሮ እንደሚጠብቅ ገልጸዋል።

ወ/ሮ ብሩክታይት የማይታይ ዕቃ እንዴት ተቆጥሮ ገቢ እንደሚሆን ጠይቀዋል። ሰብሳቢው ኮሚቴው ከተቋቋመ ጀምሮ ሳይከፍትና ሳያይ የተረከበው ነገር እንደሌለ አስታውሰው፣ ቤቱ ጨለማ ስለሆነ ጠርሙሱ ፀሐይ ላይ ወጥቶ ይከፈት ብለዋል። ወ/ሪት ጸደንያ «እባካችሁ፣ ፀሐይ ካየ አለቀልን» ማለታቸው ተመዝግቧል። ደግመው ማለታቸውም ተመዝግቧል። ከረጅም ውይይት በኋላ እንዲከፈት በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

ኮሚቴው ደጅ ወጥቶ ጠርሙሱን እየተቀባበለ አይቷል። ፈሳሹ እዚያው ጠርሙሱ ውስጥ ረግቶ ቀርቷል። ሰብሳቢው ዕቃው የሚታይ በመሆኑ መደሰታቸውን ገልጸው፣ «ብዛት፦ አንድ» ተብሎ ገቢ ሆኗል።

አቶ ሰማው «ጌታዬ፣ ታዲያ የበሬዬ ቁስል ላይ ምኑ ሊፈስ ነው?» ብለው ጠይቀዋል። ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ ሆኗል። ወ/ሪት ጸደንያ አልቅሰዋል፤ ይህም ከአጀንዳ ውጭ ነው።

አጀንዳ 2፦ ልዩ ልዩ

ወ/ሮ ብሩክታይት ነገሩ ወደ ላይ ቢደርስ ማን ሊጠየቅ ነው ብለው ስላሳሰቡ፣ ከላይ የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር፣ ጠርሙሱም እንዳልተከፈተ እንዲቆጠር ተወስኗል። ያልተከፈተ ጠርሙስ ቢቸና ላይ ሊረጋ ስለማይችል፣ የረጋው ሞጣ እያለ መሆኑ ታምኖበታል። ስለዚህ ወ/ሪት ጸደንያ ስላሳዩት የጥንቃቄ ጉድለት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲደርሳቸው፣ ደብዳቤውንም ይኸው ጸሐፊ እንዲያረቅ ታዟል።

ስብሰባው 5፡20 ላይ ተነሥቷል። አቶ ሰማው በሬያቸውን ፈትተው ሄደዋል። ጸሐፊው እያፈረ ፈርሟል።