ጸጋ ሰላም ሳትል አታልፍም

ሰው የሚያረፍደው እንቅልፍ ስለሚወድ ይመስላችኋል? ተሳስታችኋል። እኔ በዕድሜዬ ያየኋት የአርፋጆች አውራ ከዶሮ ቀድማ የምትነሳ ልጅ ነበረች።

ግሬስ ትባላለች። ከኡጋንዳ ነው የመጣችው። መምህርነት የምትማርበት ዩኒቨርሲቲ «የማስተማር ልምምድሽን ውጭ አገር ሥሪ» ብሎ እንግሊዝኛ እንድታስተምር ደብረ ማርቆስ ላካት። ስሟ በእኛ ጸጋ ማለት ነው ሲባል ሰፈሩ በዚያው ቀን ጸጋ አላት፤ ማንም አላማከራትም። እኔ ግቢ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ተከራየች። የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ከደጄ አሥር ደቂቃ ነው። በድሮው ጉልበቴ ሦስት እርምጃ።

በመጣች በማግስቱ፣ ማን ጠየቀህ አትበሉኝና፣ መከርኳት። «ልጄ፣ እዚህ አገር ሌላው ሁሉ ቢቀርብሽ ሽማግሌ ሰላም ሳትይ እንዳታልፊ።» እሺ አለች። በአገሯ ሰላምታ እንዴት እንደሆነ ግን አልጠየቅኋትም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ!

ለካስ በእነሱ ወግ ሴት ልጅ ትልቅ ሰው ሰላም የምትለው ሁለት ጉልበቷን መሬት አስነክታ ነው። ሰኞ ጠዋት ጎረቤቴ ጥሩሰው ፊት እንዲያ ተንበረከከች። ጥሩሰው የገዛ ልጆቿ እንኳ ከአልጋ ሳይወርዱ «እንዴት አደርሽ» የሚሏት ሴት ናት፤ ደነገጠች። «ተነሺ፣ ተነሺ በሞቴ!» አለችና አገላብጣ ሳመቻት። ከዚያ የጉልበቷን ሕመም ከመነሻው ጀምራ ነገረቻት። ቀጥሎ የሰፈራችን መሪጌታ ምርቃት ያዙ። የመሪጌታ ምርቃት ከአዳም ነው የሚነሳ። አብርሃም ላይ ሲደርሱ የትምህርት ቤቱ ደወል ተደወለ።

ወሬው ደግሞ እግር አለው። በሳምንቱ የመንገዱ ዳር በሽማግሌ ተሞላ። ከአማኑኤል ከተማ በሚኒባስ የመጡ ነበሩ። ከደጀንም መጡ ብል አታምኑኝም፤ ስለዚህ ከደጀን ሁለት ብቻ ነበሩ።

ርዕሰ መምህሩ አንዴ ዝም አላት፣ ሁለተኛ ጊዜ መዘገባት። «አሁንም ብትደግሚ ልምምድሽ አልተሟላም ብዬ እጽፋለሁ» አለ። ይህ ማለት ያለ ምስክር ወረቀት ባዶ እጇን አገሯ መግባት ነው። ይባስ ብሎ የሚቀጥለው ሰኞ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ገምጋሚ ይመጣል ተባለ።

«በወንዙ በኩል ባለው መንገድ ሂጂ» አልኳት። እምቢ። «በባጃጅስ?» እሱንም ሞክራው ኖሯል። ባለባጃጁ ሽማግሌ ባየ ቁጥር እያቆመ «ጸጋን ይዣታለሁ፣ ሰላም በሏት» ይላል።

«አባባ» አለችኝ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ «ሰላም ሳልል አላልፍም። ማስተማርም አልተውም።» ጥርሷን ነክሳ ነው ያለችው። የእኔም ወኔ ተነሳ። ያበላሸሁት እኔ፣ የማቃናውም እኔ!

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎቹን ሰብስቤ «ነገ ጠዋት አንድም ሰው ከበሩ ብቅ እንዳይል» ብዬ አስማልኳቸው። መሪጌታ ምርቃት ማስቀረት ኃጢአት ነው ብለው አስቸገሩኝ። ማክሰኞ እጥፍ አድርገው እንዲመርቁ ተስማማን።

ሰኞ ነጋ። መንገዱ ጭር ብሏል። በብልሃቴ እየኮራሁ በሬ ላይ ቆሜያለሁ። ጸጋ ወጣች። ግራ አየች፣ ቀኝ አየች፣ ፊቷ ተለወጠ።

«አባባ! ሰዎቹ የት አሉ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፣ ሂጂ!» ብላት ማን ሰምቶኝ! የጥሩሰውን በር ደበደበች። ጥሩሰው በመሐላዋ ጸንታ ዝም። ዝም ስትላት ልጅቷ ባሰባት፤ በሩን ገፍታ ገባች። ከዚያ ወደ መሪጌታ ቤት። ከዚያ ቤት ለቤት፣ ሁሉም በሕይወት መኖሩን እያረጋገጠች፣ እየተንበረከከች!

ይኼኔ አንድ ኮስታራ ሰውዬ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ከላይ ሲመጣ አየሁ። ሸሚዙ ኪስ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ሰክቷል። ገምጋሚ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? መንገዱን ዘጋሁበት።

«እንደምን አደርክ ልጄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን አባባ። ትንሽ ስለቸኮልኩ...»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ቤተሰብ ደህና? ልጆች? ከብቱ? ለመሆኑ የማን ልጅ ነህ?»

የቢቸና ልጅ ነኝ አለ። አለቀለት! የቢቸና ልጅ ሽማግሌ ገፍቶ የት ይሄዳል? እስከ ቅድመ አያቱ ቆጠርን። እኔ ቢቸና ውስጥ ያልተዛመድኩት ወንዙን ብቻ ነው። የሥጋ ዘመድ ልንሆን ትንሽ ሲቀረን ጥሩሰው ከቤቷ ወጣች። በዓይኔ ጠቀስኳት፣ ገባት። ጉልበቷን ይዛ መጣች። ተከትለዋት መሪጌታ። ያ እጥፍ ምርቃት ለማን የደረሰ ይመስላችኋል? ገምጋሚው ባርኔጣውን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ከአዳም ጀምሮ «አሜን» ሲል ጸጋ ጫማዋን በእጇ ይዛ ከኋላው ሽው ብላ አለፈች። አብርሃም ላይ ደወሉ ተደወለ።

ልምምዷን አለፈች። የተሰጣትን ወረቀት አሳይታኛለች። «ሰዓት ማክበር» ከሚለው ፊት ለፊት «ከገምጋሚው ቀድማ ተገኝታለች» ይላል። የዚያን ዕለት ርዕሰ መምህሩ አርፋጅ ብሎ የመዘገበው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ሦስት እስክሪብቶ አለው።

እና ሰላምታ ሰው ያስረፍዳል የሚል ካለ አልከራከረውም፤ እውነቱን ነው። ማንን እንደሚያስረፍድ ግን አስቀድሞ መምረጥ ነው።