ለ«ሙያዊ ቸልተኝነት» ሐመርኛ ፍለጋ

አንዳንድ ቃል ከነከረባቱ ነው የሚወለደው። «ሙያዊ ቸልተኝነት» ከቢሮ ወጥቶ ገበያ መሐል ሲንሸራሸር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሰው ሥራው ላይ ሲዘናጋ ጎረቤቱ «ምን ነካው?» ይላል እንጂ እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ አይወጣም። እኔ ግን አንድ ቀን ይህን ቃል ወደ ሐመርኛ መልስ ተባልኩ።

ጊዜው ጂንካ መሐሏ ላይ የሣር አውሮፕላን ማረፊያ የነበራት፣ አውሮፕላን ሲመጣ ከብቱ ከሜዳው የሚባረርበት ደግ ጊዜ ነው። አባቴ ሐመር አገር፣ ዲመካ ከተማ ሱቅ ስለነበረው ሐመርኛን ከእኩዮቼ ጋር ስቦርቅ ነው የለመድኩት። አስተርጓሚ በጠፋ ቁጥር ይጠሩኛል፤ ያን ዕለት የጠራኝ የግብርና ቢሮው የዲሲፕሊን ኮሚቴ ነበር።

ከሳሹ ዋዶ የሚባሉ የሐመር ሽማግሌ፣ ተከሳሹ ታደለ የሚባል ወጣት የእንስሳት ጤና ባለሙያ። ታደለ ለዋዶ ፍየሎች ክትባት ይዞ ሲሄድ መንገድ ላይ፣ ወይጦ መንደር፣ ከወዳጆቹ ጋር ጨዋታ ደራለትና የክትባቱን ሣጥን ፀሐይ ላይ ረሳው። መድኃኒቱን የሚያቀዘቅዘው በረዶ ቀለጠ። እሱም «ምንም አይልም» ብሎ ያንኑ ወጋቸው። በሽታው ሲገባ ፍየሎቹ እንደ ቅጠል ረገፉ፤ የዋዶ የልጅ ልጆችም ወተት አጡ።

ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ጥፋቱ ሙያዊ ቸልተኝነት መሆኑን ንገርልን» አሉኝ። ቃል ጠፋኝ። እንደ ምንም፣ «ሥራውን እያወቀ ሳይጠነቀቅ ቀረ ነው የሚሉት» አልኳቸው።

ዋዶ ወደ ታደለ ዞሩ። «ልትገድላቸው ፈልገህ ነው?»

«ኧረ በፍጹም፣ አባቴ!»

«መድኃኒቱ ፀሐይ እንደማይወድ አታውቅም?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ልብህ የት ሄዶ ነበር?»

ይህችን ስተረጉምለት አንገቱን ደፋ።

ኮሚቴው ከሥራ ሊያሰናብተው ሲመክር ዋዶ እጃቸውን አነሱ። «ብታባርሩት ለእኔ ምን ይረባኛል? ይምጣና የተረፉትን ይጠብቅልኝ።»

በማስጠንቀቂያ ታለፈ። ማስጠንቀቂያ የበላ ሰው ሁሉ እንደሚስተካከል የምታምኑ ካላችሁ የዋህ ናችሁ፤ ታደለ ግን ራሱ ጠይቆ ዲመካ ተዛወረ። በዝናቡም በሐሩሩም ሳይጠሩት ከዋዶ በረት የማይጠፋ ሰው ሆነ። እርጅና ይዟቸው ሲያርፉም ከቀባሪዎቹ አንዱ እሱ ነበር።

በቅርቡ ዲመካ ገበያ ከዋዶ የልጅ ልጅ ጋር ተገናኘን። ሕፃን ታቅፏል። የሕፃኑን ስም ብጠይቀው «ታደለ» አለኝ።

«ፍየሎቻችሁን በፈጀው ሰው ስም?»

«አይደለም» አለ ልጁን ወደ ትከሻው ከፍ እያደረገ፤ «ፍየሎቹ ካለቁ በኋላ በመጣው ሰው ስም ነው።»