ወዲያው እሺ ያለ አባት

እንግሊዝኛ ድሃ ቋንቋ ነው። አትሳቁ፣ ተምሬው ነው የምላችሁ። ጣልያን ከወጣ ወዲህ አገሩ ሁሉ እንግሊዝኛ ልማር ሲል፣ እኔም ሽበቴን ረስቼ አሰላ የማታ ትምህርት ገባሁ። መምህራችን ሰይፉ፣ ገና ወጣት ነው፣ ሰሌዳው ላይ «ሪተርን» ብሎ ጻፈና ትርጉሙ መመለስ ነው አለን። የቃሉን ዘመዶችም አስከትሎ አመጣ። ወደዚህ ሲሆን «ካም ባክ»፣ ወደዚያ ሲሆን «ጎ ባክ»፣ የሚያውቁትን ቦታ ዳግም ለማየት ሲሆን ደግሞ «ሪቪዚት»።

እጄን አወጣሁ። «ደጅ መጥናትንስ ምን ይሉታል?»

አሰበ፣ አሰበና የላቸውም አለ።

እንዴት እንዳሳዘኑኝ! ታዲያ ጉዳያቸው በምን ያልቃል? ሹሙ በመጀመሪያው ቀን ቢሮው ይገኛል? ሰው አንድን ነገር ከልቡ መፈለጉስ እየተመለሰ ካልጠየቀ በምን ይታወቃል?

ይህን የምዘባርቀው ያለ ነገር አይደለም። ይኸው ሰይፉ ሳጉሬ ላይ ዘነበች የምትባል ልጅ ወደደ። እሷም ትወደዋለች። ወላጆቹ ሩቅ አገር ናቸውና ለሽምግልና እኔን ላከኝ። ከልጅቱ አባት ከአቶ ደምሴ ጋር እህል የሚነግዱትን ሀጂ ከድርንም ጨመረልኝ። መቼም ወጉን ታውቃላችሁ። ሽማግሌ ደጅ ይቆማል፣ አባት ይኮሳተራል፣ «ዘመድ ላማክር፣ ተመለሱ» ይላል። ሲመለሱ «ገና አልመከርንም» ይላል። የልጅቱ ክብር የሚለካው ሽማግሌው በተመላለሰበት ጭቃ ነው። የሳጉሬን ጭቃ ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሄድን። ገና ጉሮሯችንን ስንጠርግ፣ አቶ ደምሴ ከሚሰፉት የገብስ ጆንያ ቀና አሉ።

«ለመምህሩ ነው? ልጄ ነግራኛለች። ሰጥቻለሁ። ግቡ፣ ብርድ ነው።»

ክው አልን።

«ኧረ ይምከሩበት እንጂ፣ ጌታዬ» አልኩ።

«ምን እመክራለሁ? ሰጠሁ አልኩ እኮ!»

ሀጂ አላስቻላቸውም። «ወላሂ ደምሴ፣ አንተ በቅሎ ስትሸጥ እንኳ ገዢውን ስንት ገበያ ታመላልሳለህ! ልጅቷን ምን ነክቷት ነው?»

አቶ ደምሴ የጆንያውን መርፌ ወረወሩ። «ከደጄ ጥፉ! የምድራት ልጅ የለችኝም!»

አሁን ገና ልባችን ተመለሰ። ሀጂ በመንገድ ላይ «አየህ፣ ለካ ጨዋ ሰው ነው» አሉኝ። በሳምንቱ ሄድን፣ ውሻ ለቀቁብን። የሀጂ ጋቢ ተተለተለ። ለሰይፉ ነገሩ መልክ እየያዘ ነው ብዬ ነገርኩት። እሱ ግን አልገባውም። ከሳ። ሰሌዳው ላይ የጻፈውን እኛ ሳናነበው ያጠፋዋል። ይባስ ብሎ አቶ ደምሴ ልጃቸውን ለአንድ የዴራ ነጋዴ ሊድሩ ነው የሚል ወሬ ተሰማ። ልጅቷ ተፈላጊ መሆኗን ስንሰማ እኛማ ኮራን።

አንድ ቀን ከሀጂ ጋር ቤቴ ተቀምጠን ሳለ፣ ዘነበች ራሷ እህል በጫነ መኪና አሰላ ደረሰች። ሰይፉን አስከትላ ገባች።

«ጋሼ፣ የተላኩት እኔን ለመዳር ነው ለማስቀረት?»

«ክብርሽን ብለን ነው፣ ልጄ።»

«ክብሬን ይተዉልኝና ሰይፉን ይስጡኝ!»

አልቅሳ፣ እህል ውሃ አልቀምስም ብላ፣ የዴራውን ሰው አስቀርታለች። አባቷም ለሰይፉ እንደገና እሺ ብለዋል። አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃሉ አለችን።

«ምን?» አሉ ሀጂ።

«እናንተ ሁለታችሁ ሁለተኛ ደጃቸው እንዳትደርሱ። ለሠርጉም፣ ለመልሱም። በሉ እሺ በሉኝና ልሂድ፣ መኪናው እየጠበቀኝ ነው።»

ሰይፉ ከኋላዋ ቆሞ በዓይኑ ይለምነኛል። እኔ ሀጂን አየሁ፣ ሀጂም እኔን አዩ። የተጠየቅነው ከባድ ነገር አልነበረም። ግን ትልቅ ሰው እንዲህ ያለውን ባንድ ቃል እሺ ይላል?

«እንምከርበት፣ ልጄ» አልኳት። «የፊታችን ቅዳሜ ሳጉሬ መጥተን ለአባትሽ እንነግራቸዋለን።»